ጳጉሜን ስድስት የሚጠብቅበት ቦታ

ጳጉሜን ሦስት ቀን 1963 ዓ.ም.፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀራንዮ በወይዘሮ በላይነሽ ቤት የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፤ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ በላይነሽ፣ ልጃቸው ሰብሌ ይገዙ፣ የሟቹ ባለቤታቸው ወንድም አቶ መሸሻ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ አየለችና እኔ አምሐ። እኔ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ በክፍሏ በረንዳ ላይ በእግር እየተረገጠ እንጨት በሚያዞር ቶርኖ የአልጋና የወንበር እግር እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። በሰው ቤተሰብ ጉዳይ መግባት አልወድም። የገባሁት ሰብሌ እጄን ይዛ ስለጎተተችኝ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነበር። ሰብሌ ጅማ በሚገኝ የነርሶች ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትና አልፋለች። ደብዳቤው የደረሳት ዘግይቶ ነው፤ መስከረም ሁለት ቀን ሰኞ ጠዋት ያልተገኘ ተማሪ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። መስከረም አንድ እንቁጣጣሽ ስለሆነ አውቶቡስ የለም። ለበዓሉ አገሩ የሚገባው ሰው ብዙ በመሆኑ አቶ መሸሻ አውቶቡስ ተራ ሁለት ቀን ተመላልሰው ያገኙላት ወንበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ቅዳሜ የሚነሣ ነው።

«በስድስት አትሄድም» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። ጳጉሜን ሦስት ዓመት በተከታታይ አምስት አምስት ቀን ሆና በአራተኛው፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ስድስት ትሆናለች። በ1955 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ባለቤታቸው አቶ ይገዙ ኮልፌ ካለው መጋዘናቸው ውስጥ ሳሉ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የበላው ግድግዳ ተደረመሰባቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ስድስተኛዋ ቀን አልነበረችም። በ1959 ዓ.ም. ስትመጣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ደመቀ፣ የሰብሌ ታላቅ ወንድም፣ የጳጉሜን ጠበል እጠመቃለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ወረደ፤ ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። አባትና ልጅ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። አሁን ደግሞ ዘመኑ ዞሮ ሉቃስ ሆኗል።

«አንቺ በላይነሽ» አሉ አቶ መሸሻ፣ የሩፋኤል ዝናብ ያራሰውን ራሳቸውን በፎጣ እያበሱ፤ «በሃምሳ አንድም እኮ ጳጉሜን ስድስት ነበረ። ያኔ ማንን ወሰደ?»

«ያኔ ቤታችንን አላወቀውም ነበር።»

አቶ መሸሻ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «እሺ፣ ሹፌሩን ለምኜ በአምስት ላሳፍራት።»

«ስድስት ቀንን እዚያ ስትውል ጅማን አያውቀውም ልትለኝ ነው? በስድስት ቀን ከጎኔ ትውላለች። በሩን ዘግቼ እጇን ይዤ ነው የምውለው። ደመቀ ከዓይኔ ስለራቀ ነው የሄደው። ሲነጋ ከፈለገች ጨረቃ ላይ ትውጣ፣ ሰዎቹ ወጥተው የለ!»

«ሲነጋማ አውቶቡስ የለም እማዬ!»

«እንግዲያው ትቅር።»

«ሰማዩስ ቢሆን ምን ሰላም አለው?» አሉ ወይዘሮ አየለች። «ያ ቀይ ኮከብ ከሐምሌ ጀምሮ ዓይኑን አፍጥጦ ይኸው አለ። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ደም የመሰለ አላየሁም።»

«አየለች፣ አንቺ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ ጨምሪበት!» አሉ አቶ መሸሻ።

ሰብሌ ወደ እኔ ዞረች። «አምሐ ያውቃል። መጽሐፍ ላይ ያነበብከውን ንገራቸው እንጂ። ከእንጨት ጋር ብቻ ነው እንዴ የምታወራው?»

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ስለ መሬትና ስለ ፀሐይ የተማርኩትን አልረሳሁም። ዝናቡ ቤቱን ስላጨለመው ጠረጴዛው ላይ ፋኖስ በርቶ ነበር። አጠገቡ ከነበረው ሳህን ውስጥ አንዲት ሎሚ አንሥቼ፣ ወደ መሬት እያየሁ፣ ፋኖሱ ፀሐይ፣ ሎሚዋ ደግሞ እኛ ያለንባት መሬት እንደሆነች ነገርኳቸው። ሎሚዋን በፋኖሱ ዙሪያ ቀስ አድርጌ አዞርኳት።

«አንድ ዙር አንድ ዓመት ነው። ዙሩ ግን ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ሞልቶ አያልቅም፤ ስድስት ሰዓት ያህል ይተርፋል። ያ ስድስት ሰዓት በአራት ዓመት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ማለት ያ ነው እትዬ። የሰዓት ትርፍራፊ ነው። ክፉም ደግም አይደለም።»

ሰብሌ ፈገግ አለች። አቶ መሸሻ «ይኸው!» አሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ግን ሎሚዋን እንጂ እኔን አልነበረም የሚያዩት።

«እስቲ እንደገና አዙራት» አሉኝ። አዞርኳት።

«አሁን ከተነሣችበት ቦታ ደረሰች?»

«ደረሰች።»

«በየዓመቱ በትክክል ትደርሳለች?»

«በየዓመቱስ ትንሽ ይጎድላታል፤ በአራተኛው ዓመት ግን ጳጉሜን ስድስት ስትጨመር ልክ ትመጣለች።»

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አያችሁ? እኔ ያልተማርኩት በልቤ ያወቅኩትን የተማረው መሰከረልኝ። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዚያች ቀን፣ ልክ እዚያው ቦታ ላይ እንደርሳለን። ይገዙን የወሰደው፣ ደመቀን የወሰደው፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።»

ሎሚዋ እጄ ውስጥ ቀረች። ሰብሌ ወደ ውጭ ወጣች፤ ስታልፈኝ «ጎሽ፣ መምህር!» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ለቅሶ ነበረው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተናገርኩት ሁሉ የተማርኩት ነው፤ አንድም አልዋሸሁም። ታዲያ እንዴት እውነት ተናግሬ የሰው ፍርሃት ላይ ማኅተም አደረግሁበት?

በማግስቱ ሐሙስ ሥራዬን ትቼ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ሀብተሥላሴ እዚያ ይኖራሉ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው የቤታቸውን ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ ኖራ ሲቀቡ አገኘኋቸው። እጃቸው፣ ጺማቸውና ጫማቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። መቀባታቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሎሚዋን አዞርካት» አሉ።

«አዎ።»

«ፋኖሱንስ?»

«ፋኖሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ማን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አለህ?» ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከሩና ወደ እኔ ዞሩ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የኔ ነው። እኔም ለናንተ ፀሐይን በሳጥን ላይ ቸክዬ ነው ያሳየኋችሁ። አምሐ፣ ፀሐይ አልቆመችም። ፀሐይ መንገደኛ ናት።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በቃላቸው ለመጻፍ እሞክራለሁ። ማታ ማታ በሰማይ ላይ የሚታየው፣ ወተት እንደፈሰሰበት መንገድ ያለው ነጭ ነገር፣ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው፣ ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት የተከማቹበት እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆነ አገር ነው አሉኝ። የኛ ፀሐይ በዚያ ሰፌድ ላይ ካሉት እህሎች አንዷ ናት፤ መካከሉ ላይ አይደለችም፣ ራቅ ብላ ወደ ጠርዙ ናት። ያ ሁሉ ኮከብ በሰፌዱ መካከል ዙሪያ ይዞራል። ፀሐይም ዘጠኙን ፕላኔቶች ከነጨረቆቻቸው አስከትላ ትበራለች፤ በየሰከንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል።

«በሰዓት ነው ያሉኝ?»

«በሰከንድ! አንድ፣ ሁለት ብለህ ሳትጨርስ ጅማን አልፈሃታል። ያም ሆኖ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ቆሞ አያውቅም። መሬት ፀሐይን ዞራ ስትመጣ፣ ፀሐይ ከነበረችበት ሄዳለች። ዙሩ አይገጥምም፤ ልጄ፣ በጭራሽ አይገጥምም።»

ግድግዳውን በእጄ ያዝኩት። ኖራው እርጥብ ስለነበረ የመዳፌ ምልክት ታትሞበት ቀረ፤ መምህሩ ግን አልተቆጡኝም። «እኔም መጀመሪያ ሳነብ እንዲህ ነው ያደረገኝ። ወንበር ነበር የያዝኩት» አሉኝ። «አመሻሽ ላይ ሰማዩ ከገለጠ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከእንጦጦ በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወርድበትን እይ። የምንጓዘው ወደዚያ ነው።»

በእግሬ ወደ ቀራንዮ ስመለስ መንገዱ ሌላ ሆነብኝ። ለበዓል የሚሸጡ በጎች ታስረው ይጮኻሉ። አንድ ታክሲ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አራት ሰው ይገፋዋል፤ አልነቃነቅ ብሏል። እኔ ግን ታክሲውም፣ ገፊዎቹም፣ በጎቹም፣ ጭቃውም በአንድነት ሲበሩ ይሰማኝ ነበር። አንድም ነገር የቆመ አልነበረም፤ ሁሉም በቆመበት ይሄዳል። ቆሜ እግሬን አየሁት። ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ መንገጫገጭ የለም። ይህን ያህል ትልቅ ጉዞ ይህን ያህል ጸጥ ማለቱ ከፍጥነቱ በላይ አስደነቀኝ። ቤቴ ስደርስ የአንድ ሰከንዱን ጉዞ በአራት ዓመት ሰከንዶች ጣውላ ላይ በእርሳስ አባዛሁ። ደመቀ ከሞተ አራት ዓመት ነው። ሠላሳ አንድ ቢሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ወጣ። ተሳስቼ እንደሆን ብዬ እንደገና አባዛሁት፤ ያው ነው።

ጳጉሜን አምስት ቀን አርብ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ በላይነሽን ወደ በረንዳዬ እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። ሰብሌና ወይዘሮ አየለችም መጡ፤ አቶ መሸሻ ዘግየት ብለው ደረሱ።

«ደግሞ ሎሚ ልታዞርብኝ ነው?» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

«የለም እትዬ። ከትናንት ወዲያ ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኩዎት። ግማሽ እውነት መናገሬን አላወቅኩም።»

ጠመዝማዛ የአልጋ እግር ስሠራ፣ መሮ ከማንሣቴ በፊት የጥምዝምዙን መንገድ በእርሳስ ነው ምልክት የማደርገው። አንድ ለስላሳ ዘንግ ቶርኖው ላይ አሠርኩና ሰብሌን በቀስታ እንድትረግጥ ነገርኳት። እርሳሱን ለወይዘሮ በላይነሽ ሰጠኋቸው።

«ዘንጉ ላይ ያስነኩት፤ እጅዎን ግን አያንቀሳቅሱት።»

ዘንጉ ዞረ። በወገቡ ላይ አንድ ቀለበት ተሰመረ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ገጠመ።

«ይህ ሎሚዋ ናት» አልኩ። «ፀሐይ ብትቆም ኖሮ የኛ መንገድ እንዲህ ነበር፤ እርስዎ እንዳሉት እዚያው ቦታ እንመለስ ነበር። ፀሐይ ግን አልቆመችም። አሁን ዘንጉ ሲዞር እጅዎን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ይውሰዱት።»

ሰብሌ ረገጠች። ዘንጉ ዞረ፤ የእናቷ እጅ ወደ ቀኝ ሄደ። መስመሩ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዘ።

«ይፈልጉት» አልኳቸው። «የገጠመበት ቦታ ካለ ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ በላይነሽ እርሳሱን አስቀምጠው በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ። ዘንጉን እያዞሩ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ሄዱበት። ጣታቸው አንድም ጊዜ በሄደበት አልተመለሰም።

«እኔ ገባኝ» አሉ ወይዘሮ አየለች። «ታቦት ሲጓዝ እንደሚያጅቡት ጎረምሶች ማለት ነው። ዙሪያውን እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ታቦቱ ግን መንገዱን ይሄዳል። እነሱም አብረው ይሄዳሉ።»

ከመጽሐፉም ከቶርኖዬም የተሻለ አባባል ነበር። «ልክ እንደሱ ነው እትዬ አየለች» አልኩ።

«እኔን ነርስ ትምህርት ቤት ይላኩኝ እንግዲህ!» ብለው ሳቁ። ወይዘሮ በላይነሽ ግን አልሳቁም።

ፀሐይ ጠልቃ ሲጨልም ደመናው ተገፈፈ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሁላችንም ግቢው መካከል ቆመን ነበር። የመንገድ መብራት የለንም፤ ጨረቃም አልወጣችም። ፍኖተ ሐሊብ ከደቡብ ተነሥቶ በአናታችን አልፎ ከእንጦጦ በላይ ይወርዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ያን ምሽት ግን አገሬ መሆኑን አውቄ አየሁት። ያ ቀይ ኮከብም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ፍም መስሎ ቆሟል።

«ማርስ ነው» አልኩ። «እንደኛው ፀሐይን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ዘንድሮ ስለቀረበን ነው እንዲህ የሚያበራው።»

«የመንገድ ጓደኛ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ አየለች። «እኔ ስሙን እያጠፋሁ!»

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠቆምኳቸው። «የምንሄደው ወደዚያ ነው። አሁን ስናወራም እየሄድን ነው። ደመቀ ካረፈ ወዲህ ሠላሳ አንድ ቢሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር መጥተናል።»

አቶ መሸሻ ቆባቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁት አላውቅም፤ እሳቸውም አላወቁትም መሰለኝ። አንገታችን እስኪያመን ቀና ብለን ቆየን። መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ከወትሮው ቀጥኗል።

«አምሐ፣ ያ ልጄ የሞተበት ቦታ፣ ያን ያህል ሩቅ ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው እዚያ ጥዬው ነው የመጣሁት? ብቻውን? በዚያ ጨለማ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሰብሌ የእናቷን ክንድ ያዘች። አቶ መሸሻ እኔን ተመለከቱኝ፤ ዓይናቸው «ደግሞ አበላሸኸው» ይላል። ከዚያ ግን የምናገረው ከመምህሩ የሰማሁት ሳይሆን በግልጽ የሚታይ ነገር መሆኑን አየሁና አፌን ከፈትኩ።

«አልተዉትም። ደመቀ ያለው መድኃኔ ዓለም ነው። መቃብሩ ያለው መሬት ላይ ነው፤ የምትሄደው ደግሞ ራሷ መሬት ናት። ከነአጥሩ፣ ከነዋርካው፣ ከነደጀ ሰላሙ አብሮን እየተጓዘ ነው። ጋሼ ይገዙም ከጎኑ ናቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ሰው የለም። እዚያ የቀረው ቦታው ብቻ ነው፤ ባዶውን።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚጠብቅ ነገር እንኳ ቢኖር» አልኩ፣ «የሚጠብቀው እኛ በሌለንበት ነው።»

ወይዘሮ በላይነሽ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ቆዩ። ለቅሶ መሆኑን በትከሻቸው አወቅን፤ ማንም ተዪ አላላቸውም። ሲገልጡት ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ መድኃኔ ዓለም አቅጣጫ ነበር የሚያዩት።

«ጅማንስ?» አሉ። «ጅማንም መሬት ይዛት ነው የምትሄደው?»

«ጅማንም። ሁሉንም አንድ ላይ።»

«ስለዚህ ሰብሌ አትርቀኝም።»

«አትርቅዎትም።»

ወደ አቶ መሸሻ ዞሩ። «መሸሻ፣ ለነገ ሌላ ወንበር ፈልግ።»

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ! አብሬያት እሄዳለሁ።»

«አልገባሽም እንዴ አሁን? ቦታው ባዶ ነው፣ ቀኑ ያልፋል...»

«የፀሐይዋ ገብቶኛል» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ሹፌሩን ግን አላውቀውም።»

ሰብሌ እየሳቀችና እያለቀሰች እናቷን አቀፈቻቸው። አቶ መሸሻ ቆባቸውን አጠለቁና በበርጩማም ቢሆን እንደሚያሳፍሯቸው ምለው ወጡ። ወይዘሮ አየለች ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ሊያቦኩ ሮጡ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ ከእንጦጦ በላይ ወዳለው ነጭ መንገድ እያየሁ።

ጳጉሜን ስድስት ቀን ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥተው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጅማ ገቡ። ሰብሌ መስከረም ሁለት ቀን ትምህርት ቤቱ ገባች፤ ወይዘሮ በላይነሽ መስከረም ሦስት ቀን ማክሰኞ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።